ከፍ ያለ ጎማ መግጠም፦ የትኛው አማራጭ ለየትኛው መኪናና መንገድ?

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ትንሽ መኪና የሚነዱ ሰዎች ጎማ ቤት ሲገቡ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ከዚህ ከፍ ያለ አይገባለትም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው በቂ ምክንያት አለው። በከተማው ውስጥ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ የመኪናውን ሆድ ይፍቃል፤ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ የኮብልስቶኑ ንጣፍ በክረምት ሥሩ በውኃ ሲበላ እየሰመጠ ጉድጓድ ይሆናል፤ በወረታ በኩል አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ፎገራ ሜዳ የወረደ ሾፌር ደግሞ ዋልካው ምን እንደሚያደርግ ነጋሪ አያስፈልገውም። ጎሚስታው የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ «ይገባል» ወይም «አይገባም» በሚል ቃል ያበቃል። ቆሞ ሳለ በሚገባ የተቀመጠ ጎማ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞርና አምስት ሰው ሲሳፈር ፓራፋንጎውን ሊፈገፍግ፣ የፍጥነት ጌጁን ሊያሳስት፣ በዓመታዊ ምርመራ ጊዜም ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ መግባቱ ብቻውን ምርጫውን አይወስንም።

ይህ ጽሑፍ የትኛውም ፋብሪካ ጎማ ከሌላው ይሻላል ብሎ አይከራከርም። አስቀድሞ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያ በገበያው ላይ የሚታዩትን አራት መንገዶች በእነዚያ መመዘኛዎች ይመዝናል። ለትንሽ መኪና ምሳሌ የተወሰደው በብዙ ቪትዞች ላይ የሚገኘው 165/70 አር 14፣ ለፒክአፕ ደግሞ በደብል ካብ ሃይሉክሶች ላይ የተለመደው 265/65 አር 17 ነው። የራስዎ መኪና ልክ ሌላ ከሆነ ስሌቱ ያው ስለሆነ ቁጥሩን መተካት ብቻ ይበቃል።

በቅድሚያ ቁጥሩን ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ 165/70 አር 14 ተብሎ ሲጻፍ 165 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎማው ጎን ከፍታ ከወርዱ 70 በመቶ መሆኑን፣ አር የውስጥ ክሩ አሠራር ራዲያል መሆኑን፣ 14 ደግሞ የቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁመት (ዲያሜትር) በኢንች ይገልጻል። ስለዚህ የጎማው ጠቅላላ ቁመት የሚገኘው 165ን በ0.70፣ ውጤቱን በ2 አባዝቶ፣ የቸርኬውን 14 ኢንች ማለትም 355.6 ሚሊ ሜትር በመደመር ነው፤ 586.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥርና ፊደል፣ ለምሳሌ 84 ቲ፣ ጎማው ሊሸከም የሚችለውን ክብደትና ሊሮጥበት የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት ያመለክታል፤ 84 ማለት 500 ኪሎ ግራም፣ ቲ ማለት በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ የጠቅላላ ቁመቱ ልዩነት ነው። ጌጁና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚሠሩት የጎማውን ዙር በመቁጠር ስለሆነ፣ ጎማው በምን ያህል በመቶ ካደገ መኪናው ጌጁ ከሚያሳየው በዚያው መጠን ፈጥኖ ይሄዳል። ብዙ አገሮች የተቀበሉት 39ኛው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብልጦ ቢያሳይ ግን በተወሰነ መጠን ይፈቅዳል። ፋብሪካዎች በዚህ ምክንያት ጌጁን ትንሽ አብልጦ እንዲያሳይ አድርገው ስለሚሠሩት፣ የ2 ወይም የ3 በመቶ ዕድገት ብዙውን ጊዜ ያንን ትርፍ ይበላል እንጂ ሾፌሩን ከወሰን አያስወጣውም። ከዚያ ሲያልፍ ግን የትራፊክ ፖሊሱ ራዳርና የሾፌሩ ጌጅ መለያየት ይጀምራሉ፤ ቅጣቱን የሚከፍለውም «ጌጄ 80 ነበር የሚለው» ያለው ሾፌር ነው።

ሁለተኛው በፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ነው። ይህ መለካት ያለበት መኪናው ባዶውን ቆሞ ሳለ አይደለም። መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጥግ ድረስ ዞሮ፣ የኋላ ወንበር ሞልቶ፣ አንድ ጎማ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ወደ ውጭ በኩል ጎማው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ወጥቶ መታየት የለበትም፤ የወጣ ጎማ ጭቃና ጠጠር ከኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ይረጫል፤ በብስክሌትና በባጃጅ በተሞላ ከተማ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የቸርኬው ወርድ ነው። እያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚቀበለው የቸርኬ ወርድ ክልል አለው። 165/70 አር 14ም ሆነ 175/70 አር 14 በ5 ኢንች ወርድ ቸርኬ ላይ በምቾት ይቀመጣሉ፤ 185/65 አር 14 ግን ለዚያ ቸርኬ የክልሉ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ነው። በጠባብ ቸርኬ ላይ የታሰረ ሰፊ ጎማ ጎኑ ስለሚያብጥ በመጠምዘዣ ላይ ይዋልላል፤ ጥርሱም መሐሉ ቀድሞ ያልቃል።

አራተኛው የመሸከም አቅም ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። አዲሱ ጎማ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከተጻፈው ቁጥር ያነሰ አቅም ካለው፣ ቁመቱ ምንም ያህል ቢስማማ አይገዛም።

አምስተኛው ሞተሩና ፍሬኑ ነው፤ በዚህ አካባቢ ግን ከሌላው ቦታ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያወጣው ጉልበት አንድ ስድስተኛ ያህሉን በቀጭኑ አየር ምክንያት ከወዲሁ አጥቷል። የጎማው ቁመት በ5 በመቶ ሲያድግ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል እንደገና በዚያው መጠን ይቀንሳል። የ1,000 ሲሲ ሞተር ያለው መኪና ከጎሃ ጽዮን በኩል ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ይህ ልዩነት በማርሹ ላይ በግልጽ ይታወቃል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማ ተለቅ ስላለ ለማቆም የበለጠ ኃይል ይጠየቃል። ዓባይ በረሃን በወር አንድ ጊዜ የሚያቋርጥ ሰውና ከከተማ የማይወጣ ሰው አንድ ዓይነት ጎማ የማይመረጥላቸው ስለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይነካል?

ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ መለጠፍ እንዳለበት ሁሉም ባለመኪና ያውቃል፤ የዚህ ሥርዓት መሠረት የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ጎማ፣ መሪና ፍሬን ከሚታዩት ነገሮች መካከል ስለሆኑ፣ ከፓራፋንጎው ወጥቶ የቆመ ወይም ሲዞር የሚፈገፍግ ጎማ ይዞ ወደ ምርመራ መሄድ ችግርን ጠርቶ ማምጣት ነው። በሊብሬው ላይ የሰፈረውን ነገር የሚነካ ማሻሻያ፣ በተለይ የመኪናውን አካል ከፍ የሚያደርግ ሥራ፣ ከመጀመሩ በፊት መኪናውን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት በአካል ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ደግሞ የተሻለ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለውም ለድርጅቱ ቢያሳውቅ፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ይድናል።

በሚሊ ሜትር የተቀመጠ መለኪያ ለሚፈልግ ሰው የአውስትራሊያ የማሻሻያ መመሪያ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ለቤት መኪና ፋብሪካው ከፈቀደው ትልቁ ጎማ በላይ እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ለኦፍሮድ መኪና ደግሞ እስከ 50 ሚሊ ሜትር የቁመት ጭማሪ ይፈቅዳል። እዚህ እንደ ሕግ አይሠራም፤ ነገር ግን በባለሙያዎች የተመዘነ ወሰን በመሆኑ ከዚያ በላይ የሚሄድ ሰው ለምን እንደሚሄድ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ መንገድ፦ ልኩን ሳይለቁ ጎማውን ማሻሻል

ብዙ ሰው የሚንቀው መንገድ ይህ ነው፤ ይሁንና በእኔ ግምት ከሚጠይቁት ሰዎች ለሚበዙት ትክክለኛው መልስ ነው። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ብዙ አገሮች ጎማ ከመንገድ እንዲወጣ የሚያዝዙት 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ያለቀ ጎማ የያዘ መኪና ከአዲሱ ይልቅ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ መሬት ቀርቧል። ቀጥሎ እንደሚታየው ለቪትዝ የሚመከረው የአንድ ደረጃ ዕድገት የሚጨምረው ከፍታ 7 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ «መኪናዬ ሆዷ ይነካል» የሚለው ባለቤት ጎማው ያለቀ ከሆነ፣ የሚመኘውን ከፍታ ከሞላ ጎደል የሚያገኘው በዚያው ልክ አዲስ ጎማ በመግዛት ነው፤ ጌጁ አይዛባም፣ ምርመራው ላይ ጥያቄ አይነሳም፣ ስኮርታውም (ትርፍ ጎማውም) አይለይም።

በዋልካ ላይም ቢሆን ዋናው ቁም ነገር የጎማው ቁመት አይደለም። ጥቁር አፈር ሲረጥብ የአስፋልት ጎማን ጥርስ ሞልቶ እንደ ላጨ ጎማ ያደርገዋል፤ ጎማው ትልቅ ቢሆንም ይህ አይቀርም። ሰፊና ጥልቅ ጥርስ ያለው፣ በተለምዶ ኤቲ የሚባለው ዓይነት፣ በዚያው ልክ ሲገኝ ከትልቅ የአስፋልት ጎማ ይሻላል። ጉዳቱ በአስፋልት ላይ መጮሁና ነዳጅ ትንሽ መጨመሩ ነው። ለትንሽ መኪና በዚህ ልክ ኤቲ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፤ ለሃይሉክስና ለላንድ ክሩዘር ግን አያስቸግርም።

ሁለተኛ መንገድ፦ ቸርኬውን ሳይቀይሩ ጎኑን ከፍ ማድረግ

ለቪትዙ ከ165/70 ወደ 175/70 አር 14 መሄድ ማለት ነው። ቁመቱ 600.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ጭማሪው 14 ሚሊ ሜትር ወይም 2.4 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ መኪናው ከመሬት የሚርቀው በጭማሪው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከቸርኬው በላይ ወደ ፓራፋንጎው ይሄዳል። ስለዚህ 14 ሚሊ ሜትሩ ከሆድ በታች 7 ብቻ ነው። ቢሆንም ጎኑ ከፍ ስለሚል ጎማው የጉድጓዱን ምት ይውጣል፤ ቸርኬ የመጣመም ዕድሉም ይቀንሳል። ይህ ጥቅም ከሰባቷ ሚሊ ሜትር ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ደረጃ አልፈው 185/70 አር 14 የሚያስገቡ አሉ። ጭማሪው 28 ሚሊ ሜትር፣ 4.8 በመቶ ይደርሳል። በባዶ መኪና ይገባ ይሆናል፤ መሪ ሲዞርና ሰው ሲጫን ግን መንካቱ የተለመደ ነው፤ ለ5 ኢንች ቸርኬም ይሰፋል። ሌላው ቢቀር ለ14 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይህን ሁሉ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም።

ሦስተኛ መንገድ፦ ትልቅ ቸርኬ ከዝቅተኛ ጎን ጋር

ከ14 ወደ 15 ኢንች ቸርኬ ወጥቶ 185/55 አር 15 መግጠም ለዓይን ያምራል። ጠቅላላ ቁመቱ 584.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው በ2 ሚሊ ሜትር ያንሳል እንጂ አይበልጥም። ጌጁም ሕጉም አይነኩም። ነገር ግን የጎማው ጎን ከ115 ሚሊ ሜትር ወደ 102 ገደማ ይወርዳል፤ ጉድጓዱ ላይ የሚያርፈውን ምት የሚቀበለው ያ የጎደለው ጎማ ነበር። አስፋልቱ ደህና በሆነበት ከተማ ለሚኖር ሰው መልካም ነው፤ ከፍታ ፈልጎ ወደ ጎማ ቤት ለመጣ ሰው ግን ይህ መንገድ የጠየቀውን ተቃራኒ ይሰጠዋል። ቸርኬ ወደ ውጭ ለማስወጣት በመሐል የሚገባውን ስፔሰር በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ኩሽኔታው ላይ ጫና ስለሚጨምር አይግጠሙ።

አራተኛ መንገድ፦ መኪናውን ከፍ አድርጎ ትልቅ ጎማ ማስገባት

ይህ የፒክአፕና የኦፍሮድ መኪና ጉዳይ ነው። ሃይሉክሱ ከ265/65 ወደ 265/70 አር 17 ሲሄድ ቁመቱ ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር፣ በ3.4 በመቶ ያድጋል፤ ብዙውን ጊዜ ሞላም ባሌስትራም ሳይነካ ይገባል። 285/70 አር 17 ግን 831 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭማሪው 54.5 ሚሊ ሜትር፣ 7 በመቶ በመሆኑ የአውስትራሊያውን 50 እንኳ ያልፋል። ይህን ለማስገባት ሞላውን ማስረዘም፣ ባሌስትራ መጨመር፣ አሞርዛተሩን መቀየር፣ አንዳንዴም የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ መቁረጥ ይጠይቃል። መኪናው ከፍ ሲል የክብደቱ መሐል አብሮ ከፍ ስለሚል በመጠምዘዣ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ወደ ፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች መገጣጠሚያዎችም በማይመቻቸው ማዕዘን እየሠሩ ቶሎ ያልቃሉ። ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ላሊበላ ቱሪስት የሚያመላልስ መኪና እንኳ ይህን ያህል የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በትንሽ መኪና ላይ ጎማውን ሳይነኩ በአሞርዛተሩ ራስ ላይ ውፍረት የሚጨምር ነገር አስገብቶ ማንሳትም ይሠራበታል። ከፍታው ከጎማ ከሚገኘው በእርግጥ ይበልጣል፤ ነገር ግን የጎማው አቀማመጥ ስለሚዛባ አላይመንት ካልተስተካከለ አዲሱን ጎማ በጥቂት ወራት ይበላዋል። ዓላማው ካርተሩን (የሞተሩን ዘይት መያዣ) ከድንጋይ ማዳን ብቻ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚታሰር መከላከያ ብረት በርካሽ ያንኑ ያደርጋል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | ቁመት (ሚ.ሜ.) | ልዩነት | ከሆድ በታች የሚገኝ ከፍታ | ጌጁ 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት | ወጪ | አስተያየት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቪትዝ፣ 165/70 አር 14 (መነሻ) | 587 | – | – | 80 | ጎማ ብቻ | ጎማው ካለቀ መጀመሪያ ይህ |
| ቪትዝ፣ 175/70 አር 14 | 601 | +2.4% | 7 ሚ.ሜ. | 81.9 | ጎማ ብቻ | ተለክቶ ቢገጠም ይመከራል |
| ቪትዝ፣ 185/70 አር 14 | 615 | +4.8% | 14 ሚ.ሜ. | 83.8 | ጎማ፣ ምናልባት ቸርኬ | አይመከርም |
| ቪትዝ፣ 185/55 አር 15 | 585 | −0.4% | የለም | 79.7 | ጎማና ቸርኬ | ለውበት ብቻ |
| ሃይሉክስ፣ 265/65 አር 17 ኤቲ | 776 | – | – | 80 | ጎማ ብቻ | ለብዙው የመስክ ሥራ በቂ |
| ሃይሉክስ፣ 265/70 አር 17 | 803 | +3.4% | 13 ሚ.ሜ. | 82.7 | ጎማ ብቻ | ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ |
| ሃይሉክስ፣ 285/70 አር 17 | 831 | +7.0% | 27 ሚ.ሜ. | 85.6 | ጎማ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ የእጅ ሥራ | መሥሪያ ቤቱን ሳይጠይቁ አይነካም |

ለማን የትኛው?

በከተማ ውስጥ በታክሲነት ወይም በራይድ የሚሠራ ትንሽ መኪና ቀኑን ሙሉ እየቆመ የሚነሳ ስለሆነ የጎማ ክብደትና የነዳጅ ጉዳይ ይቀድማል፤ በዋናው ልክ ጥሩ የመሸከም አቅም ያለው ጎማ ይበቃዋል። ትርፍ ገንዘብ ካለው ለመከላከያው ብረት ያውለው።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎንደር የሚወጣ ቤተሰብ፣ መኪናው በልኩ ላይ ክፍት ቦታ ካለው 175/70ውን ቢመርጥ አይጸጸትም። ያው ቤተሰብ በየጊዜው አዲስ አበባ የሚመላለስ ከሆነ ግን ለሞተሩና ለፍሬኑ ሲባል ከዋናው ልክ ባይወጣ ይሻላል።

በፎገራና በሊቦ ከምከም ቀበሌዎች የሚዞር የፕሮጀክት ፒክአፕ በክረምት የሚያስፈልገው ጥርስ ነው፤ ኤቲ በዋናው ልክ፣ በጀቱ ከፈቀደ 265/70። አራቱም ጎማዎች፣ ከተቻለ ስኮርታውም፣ አንድ ልክ መሆን አለባቸው፤ በተለይ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ በሚነዳበት መኪና ላይ አንድ የተለየ ጎማ ዲፈረንሻሉን እንዲሞቅና እንዲበላሽ ያደርጋል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎች ከፍታ የሚፈልጉበት ምክንያት ይገባል፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ነገር ግን መኪናው ከባድ በመሆኑ የመሸከም ቁጥሩ ዝቅ ያለ ጎማ በምንም ምክንያት አይገጠምለትም፤ ከባድና ሰፊ ጎማም በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት ይቀንሰዋል። ለእነዚህ ፋብሪካው ካዘዘው ልክ ባይወጡ ይመረጣል።

ከመክፈል በፊት

ሻጩ «አዲስ ነው» ቢልም በጎማው ጎን ላይ በክብ ውስጥ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ ዓመቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2318 ተብሎ የታተመ ጎማ በ2018 የፈረንጆች ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር 2010 ዓ.ም. ነው። 18ቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ዓመታት የቆየ ላስቲክ ይዞ ይመለሳል።

ከዚያ አራቱንም ከማሰር በፊት አንዱን የፊትና አንዱን የኋላ ብቻ ያስገጥሙ፤ መሪውን ሁለቱንም ጥግ ያዙሩ፤ ከኋላ ሰው አስቀምጠው በጉብታ ላይ በዝግታ ይለፉ፤ ወርደውም በፓራፋንጎው ውስጥ የተፈገፈገ ምልክት ካለ ይፈልጉ። ከነካ ጎሚስታው «ይለምደዋል» ቢልም አይውሰዱት። ከተስማማ ባላንስና አላይመንት ያሠሩ፤ የነፋሱን ልክ በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ወረቀት ተነስተው ከባለሙያው ጋር ይወስኑ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም የቸርኬውን ዳዶዎች እንደገና ያስጠብቁ።